ዶሮዋ መታቀፍ ፈልጋለች፤ አሁን ምን ላድርግ?

«ዶሮዬ ከተቀመጠችበት አልነሳ ብላለች፤ ስንት እንቁላል ላስታቅፋት?» ይህ ጥያቄ መምጣቱን ትቶ አያውቅም። ተከትሎ የሚመጣውም ያው ነው፦ «12 አስታቅፌያት 3 ብቻ ፈለፈለች፤ ምን አጥፍቼ ነው?» እዚህ ጅማና አካባቢዋ አንዱ ከጅሬን ይጠይቃል፣ አንዷ ከኮጪ፣ ሌላው ከሰቃ። መልሱ ለሁሉም አንድ ስለሆነ በቅደም ተከተል ጻፍኩት። የምትጠይቁኝ ሁሉ ከእንግዲህ እዚህ ነው የምልካችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ። ዶሮዋ ሥራዋን ታውቃለች። ሙቀቱን ትጠብቃለች፣ እንቁላሉን ታገላብጣለች፣ መብራት ጠፋ አልጠፋ ጉዳይዋ አይደለም። አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ገና ሳትቀመጥ ከሚመረጠው እንቁላል ነው፤ አለዚያም መጨረሻው ላይ እጃችን አላርፍ ሲል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መታቀፍ የጀመረች ዶሮ። የሀበሻ ዶሮ ብትሆን ይመረጣል።
- ከ8 እስከ 12 እንቁላል፣ አውራ ካለበት ግቢ የተሰበሰበ፣ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው።
- ለመታቀፊያ የቲማቲም ሳጥን፣ ጠንካራ ካርቶን ወይም አሮጌ እንቅብ። የውስጡ ስፋት ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሁን።
- ደረቅ የጤፍ ጭድ ወይም ለስላሳ ደረቅ ሣር፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ትንሽ አፈር።
- ለመሞከሪያ የሚሆኑ ሁለት ሦስት እንቁላሎች (ቢበላሹ የማይቆጩባቸው)።
- እርሳስ።
- የእጅ ባትሪ ወይም የሞባይል መብራት።
- የተነፋ አመድና ደረቅ አፈር የተቀላቀለበት ሰፊ ሳፋ።
- ለዶሮዋ ጥሬ በቆሎና ንጹሕ ውሃ።
- ለጫጩቶቹ የጫጩት መኖ፣ ጠፍጣፋ ሰሃን፣ ጥቂት የታጠቡ ጠጠሮች።
- ትልቅ ቅርጫት ወይም በወንፊት ሽቦ የተሠራ ሳጥን።

1. እውነት መታቀፍ ፈልጋ እንደሆነ አረጋግጡ

ዶሮ እንቁላል ልትጥል ስትል ለጥቂት ጊዜ ትቀመጥና ትነሳለች። ይህ መታቀፍ አይደለም። መታቀፍ የፈለገች ዶሮ ማታ ሌሎቹ ወደ ቆጥ ሲወጡ እሷ እንቁላል መጣያው ላይ ታድራለች። እጃችሁን ስታስጠጉ ላባዋን ትነፋለች፣ ታጉረመርማለች፣ ትነክሳለችም። የደረቷ ላባ ይረግፋል፤ ባዶው ቆዳ ከእንቁላሉ ጋር ስለሚገናኝ ነው ሙቀቱ በደንብ የሚተላለፈው። በቀን አንዴ ብቻ ወርዳ የምትጥለው ኩስ ትልቅና በጣም የሚሸት ይሆናል። አትደንግጡ፣ በሽታ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ይዛ ስለምትቆይ ነው።

ምልክቶቹን ብታዩም ጥሩውን እንቁላል ወዲያው አትስጧት። የመሞከሪያዎቹን ከሥሯ አድርጉና ሁለት ሌሊት ጠብቁ። ሁለቱንም ሌሊት እዚያው ካደረች ቆርጣለች ማለት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ የምትተው ዶሮ ካልታቀፈች ዶሮ የባሰ ታከስራለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ቦቫንስ ብራውንና መሰል የእንቁላል ዝርያዎችን ይታቀፋሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ሲዳቀሉ ብዙ እንቁላል እንዲጥሉ ስለተመረጡ የመታቀፍ ጠባዩ ጠፍቶባቸዋል። አልፎ አልፎ አንዷ ብትቀመጥ እንኳ እስከ መጨረሻው መጽናቷ ያጠራጥራል።

2. ቦታውንና መታቀፊያውን አዘጋጁ

ጸጥ ያለ፣ ጨለም ያለ፣ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ፈልጉ። ከሌሎቹ ዶሮዎች መለየቷ ግድ ነው። ካልተለየች ሌሎቹ መጥተው እሷ ላይ ይጥላሉ፣ ሲሻሙ እንቁላል ይሰብራሉ፣ ስትነሳም ቦታዋን ይይዙባታል። በቡና ለቀማ ሰሞን ደግሞ ግቢው በሰው ስለሚሞላ ከመመላለሻው ራቅ አድርጓት።

ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ አራት ጣት ያህል አፈር ንጠፉና መሐሉን በእጃችሁ ጎድጎድ አድርጉት። ጭዱን ከላይ አድርጋችሁ በጡጫችሁ ጫን ጫን በሉት። ይህን የምታደርጉት እንቁላሎቹ ወደ መሐል እንዲሰበሰቡ ነው። ወለሉ ዝርግ ከሆነ ዳር ዳሩ ላይ ያሉት እየተንከባለሉ ከሙቀቷ ይወጣሉ። በጣም ከጎደጎደ ደግሞ ተደራርበው ይሰባበራሉ። ስትጨርሱ አንድ እንቁላል ዳር ላይ አስቀምጡ፤ ቀስ ብሎ ወደ መሐል ከወረደ ልኩ ነው።

የሳጥኑ አፍ ከመሬት ብዙ ከፍ አይበል። ጫጩት ከጉልበት ከፍታ ወድቆ ሊተርፍ ይችላል፤ ተመልሶ ግን መውጣት አይችልም፣ ውጭ ሆኖ በብርድ ይሞታል።

ጅማ ላይ ስለ ጭዱ የሚነሳ ልዩ ጥያቄ አለ፦ የቡና ገለፈት እንደልብ ስለሆነ እሱን ልንጠቀም ወይ? ለመታቀፊያ አይሆንም። እርጥበት ይይዛል፣ ቶሎ ይሻግታል። የሻጋታ ብናኝ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ይገባል፣ የተፈለፈለውንም ጫጩት ሳንባውን ያጠቃዋል። ከእንጨት ቤቶቹ የሚገኘው ሰጋቱራም ዱቄት የመሰለው አይሁን፤ በመላጊያ የወጣው ጥቅልሉ ግን ደረቅ ከሆነ ይሆናል። ከሁሉም የጤፍ ጭድ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉንዳን። በእኛ አገር እርጥበት ጉንዳን በሌሊት ከገባ የተቀመጠች ዶሮ ማምለጥ አትችልም፤ ጫጩቶቹንማ ተዉት። ሳጥኑ እግር ያለው ከሆነ እግሮቹን ውሃና ትንሽ የተቃጠለ ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሙ። ከፍታው አነስተኛ ይሁን፤ መውጫና መውረጃ ጣውላም አድርጉለት። መሬት ላይ ከሆነ ዙሪያውን ደረቅ አመድ በወፍራሙ ነስንሱ፣ በዘነበ ቁጥርም አድሱት፤ እርጥብ አመድ አያግድም። ሸለምጥማጥና አይጥ እንዳይገቡ ደግሞ በሩ ማታ የሚዘጋ ይሁን።

3. እንቁላሉን ምረጡ

ረጋ ብላችሁ አንብቡት። «ሦስት ብቻ ፈለፈለች» የሚሉኝ ሰዎች ታሪክ ብዙውን ጊዜ እዚህ ነው የሚያልቀው።

አውራ ያስፈልጋል። ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩት ግን አይወጣውም። ከሱቅ የሚገዛው የእርባታ እንቁላል ብዙውን ጊዜ አውራ ከሌለበት ቤት ነው የሚመጣው። 21 ቀን ብትታቀፈው፣ 40 ቀን ብትታቀፈው ለውጥ የለውም። በግቢያችሁ ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ ሴት ዶሮዎች አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል። አውራው አዲስ ከገባ አንድ ሳምንት ጠብቃችሁ ሰብስቡ።

ዕድሜው ከ7 ቀን አይለፍ። ከዚያ በኋላ በቆየ ቁጥር በውስጡ ያለው ሽል ይደክማል፤ አሥር ቀን ያለፈውን ለድስት ተዉት። በተጣለ ቀን ቀኑን በእርሳስ ጻፉበት። በእስክሪብቶ ወይም በማርከር አትጻፉ፤ ቅርፊቱ ቀዳዳ ስላለው ቀለሙ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

እስኪጠራቀም ቀዝቀዝ ያለ ጥላ ቦታ፣ ሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። የአየር ኪሱ ያለው በደብዳባው (ሰፋ ባለው) ጫፍ በኩል ነው፤ ወደ ላይ መሆን አለበት። ፍሪጅ ውስጥ አይግባ፣ በጣም ይቀዘቅዛል። ምድጃ ያለበት ኩሽናም አይሁን። ሙቀት ሲያገኝ ሽሉ ማደግ ይጀምርና ሲበርደው ይሞታል።

አትጠቡት። እንቁላል ሲጣል በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን አለው፤ ጀርም እንዳይገባ የሚጠብቀው እሱ ነው። ውሃ ሲነካው ይሄዳል። ትንሽ የነካካው ቆሻሻ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፤ ኩስ የለበሰውን ግን አታስገቡት። አንድ የገማ እንቁላል ከፈነዳ ሌሎቹንም ይዞ ይሄዳል።

መካከለኛ መጠን ያለው፣ ቅርፊቱ ለስላሳና ያልተሰነጠቀ ይሁን። ሁለት እንቁላል በጆሯችሁ አጠገብ ቀስ ብላችሁ አጋጩ፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የደነዘ ነው። በጣም ትልቁ ሁለት አስኳል ሊኖረው ይችላል፣ አይፈለፈልም ማለት ይቻላል። «ሾጣጣው ወንድ፣ ክቡ ሴት» የሚለውን ደግሞ እርሱት። ቅርጹ ስለ ጾታው የሚናገረው ነገር የለም።

ከገበያ ወይም ከገጠር ያመጣችሁት ከሆነ፣ በተለይ ከአጋሮ ወይም ከሰቃ በመኪና፣ ከዚያ ደግሞ በባጃጅ እየተንገጫገጨ ከመጣ፣ ወዲያው አታስታቅፉት። ሾጣጣውን ወደ ታች አድርጋችሁ ለአንድ ሌሊት አሳርፉት። ሲናጥ የአየር ኪሱ ከቦታው ይናጋል፤ ሲያርፍ ይረጋል። ሻጩን አውራ አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ ከተንተባተበ እለፉት።

ስለ ዝርያ አንድ ጠቃሚ ነገር ልጨምር። የሀበሻ ዶሮ የራሷን ብቻ እንድትታቀፍ አትገደድም። አውራና ሴት ኮክኮክ (ከደቡብ አፍሪካ የመጣ የዶሮ ዝርያ ነው) ካለው ጎረቤት እንቁላል ብታገኙ እሷው ታሳድግላችኋለች፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውን ይመስላሉ። የቦቫንስና የመሳሰሉት ግን ዲቃላ ናቸው። አውራ አግኝተው ቢፈለፈሉ እንኳ ልጆቹ የእናታቸውን ያህል ይጥላሉ ብላችሁ አትጠብቁ።

ስንት? መለኪያው ቁጥሩ ሳይሆን የዶሮዋ ክንፍ ነው። ስትቀመጥ አንድም እንቁላል ከጎን መታየት የለበትም። ለመካከለኛ የሀበሻ ዶሮ ከራሷ ዓይነት እንቁላል ከ10 እስከ 12፣ ከትልልቆቹ 8 ወይም 9። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ አንድ ሁለት ቀንሱ። 15 ካደረጋችሁ ሁልጊዜ ሦስቱ ዳር ላይ ይበርዳቸዋል፤ ስታገላብጥ ደግሞ ቦታ ስለሚለዋወጡ በየተራ ይበርዳቸዋል። በመጨረሻ የሚጎዱት ሦስቱ ብቻ አይሆኑም።

4. ዶሮዋን ከቅማል አጽዱ

ከማስታቀፋችሁ በፊት ክንፏን ገልጣችሁ ከሥሩ፣ እንዲሁም ከጅራቷ በታች ያለውን ላባ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ቢጫ የሚሮጥ ነገር ወይም ላባው ሥር የተለጠፈ ነጭ እንቁላል ካያችሁ ቅማል ነው። 21 ቀን አንድ ቦታ ስትቀመጥ ይራባባታል። ያሳክካታል፣ ሲብስባት እንቁላሉን ጥላ ትነሳለች። ሌሊት ከእንጨት ስንጥቅ የሚወጣው ቅንቅንም እንደዚሁ ነው።

አመድና ደረቅ አፈር ያለበትን ሳፋ አቅርቡላት፤ ራሷ ትንከባለልበታለች። ጭዱ ሥርም ትንሽ አመድ ነስንሱ። ብዙ ከሆነ ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ለዶሮ የሚሆን ዱቄት ውሰዱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ለጫት፣ ለአትክልት ወይም ለጎተራ የምትረጩትን መድኃኒት መታቀፊያው ላይ አትርጩ። እንቁላሉ በቅርፊቱ ይስበዋል፣ ጫጩቶቹንም ይገድላል።

5. በምሽት አስታቅፏት

ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ፣ ጨለም ሲል ይሁን። በጨለማ ዶሮ ትረጋጋለች፣ ስትነቃ ቦታውን ተቀብላ ትገኛለች። ቀን ላይ ብታዛውሯት ወደ ድሮ ቦታዋ ተመልሳ ትሄዳለች።

መጀመሪያ ከመሞከሪያዎቹ እንቁላሎች ጋር ወደ አዲሱ መታቀፊያ አምጧት። ከተቀመጠች በኋላ ጥሩዎቹን አንድ በአንድ ከደረቷ ሥር አስገቡ፣ የመሞከሪያዎቹን አውጡ። ሁሉም ላይ በእርሳስ ክብ ምልክት አድርጉ። ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጥል ምልክት የሌለውን ወዲያው ለይታችሁ ታወጣላችሁ።

ሁሉንም በአንድ ምሽት አስገቡ። «ዛሬ 6፣ ነገ ሌላ 2» አይሠራም። የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች ከወጡ በኋላ እናት ከእነሱ ጋር ለመነሳት ትቸኩላለች፤ ዘግይተው የገቡት በቅርፊታቸው ውስጥ ይቀራሉ።

ቀኑን ጻፉ። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው። ኅዳር 15 ማታ ካስታቀፋችሁ፦ ኅዳር 22 የመጀመሪያ ምርመራ፣ ኅዳር 29 ሁለተኛው፣ ከታኅሣሥ 3 ጀምሮ እጅ መሰብሰብ፣ ታኅሣሥ 6 መፈልፈያ። ጳጉሜን መሐል ከገባች መቁጠር አትርሱ።

ሁለት ዶሮ አብረው መታቀፍ ከፈለጉ በአንድ ምሽት ብታስቀምጧቸው ጥሩ ነው፤ ለምን እንደሆነ ተራ 7 ላይ ታገኙታላችሁ።

6. የየቀኑ ሥራ

በቀን አንዴ ትነሳለች፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ኩሷን ትጥላለች፣ አመድ ላይ ትንከባለልና ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ትመለሳለች። እንቁላሉ በዚህ ጊዜ መቀዝቀዙ አይጎዳውም። ሩቅ ሄዳ እንዳትፈልግ አንድ ሁለት እፍኝ በቆሎና ውሃ ከመታቀፊያው ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡላት። አፍንጫዋ ሥር ካደረጋችሁት ሳትነሳ ትበላና እዚያው ታቆሽሸዋለች።

አንዳንዷ በጣም አክራሪ ናት፤ አልነሳም ትላለች። ቀኑን ሙሉ ካልተነሳች እናንተ አንሷት። መጀመሪያ እጃችሁን በክንፎቿ ሥር አሳልፉና እንቁላል ይዛ እንደሆነ ዳስሱ። ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት በክንፏና በጎኗ መሐል ተወትፎ ይገኛል። ሳትዳስሱ ብድግ ካደረጋችኋት ከላይ ይወድቅና የራሱንም የጎረቤቱንም ቅርፊት ይዞ ይሰበራል።

እንቁላሉን እናንተ አታገላብጡ። እሷ በቀን ብዙ ጊዜ በምንቃሯ ታዞረዋለች፤ ሽሉ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ይህ ነው። የእናንተ እጅ የሚጨምርለት ነገር የለም።

እንቁላል ከተሰበረ ቶሎ ድረሱ። የረጠበውን ጭድ ለውጡ፣ የተቀቡትን ለብ ባለ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጠረግ አድርጉና መልሱ። አለመታጠብ የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይላላል፤ አስኳል የለበሰ ቅርፊት አይተነፍስምና። ሽታው ጉንዳንም ይጠራል።

ጠፍታ ብትቆይስ? አንድ ሁለት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ሁሉም ሞተ ብላችሁ አትጣሉ። መልሷት፣ ከሁለት ቀን በኋላ በብርሃን እዩት። ሌሊቱን ሙሉ ከተዉት ግን ተስፋው ትንሽ ነው።

7. በብርሃን መርምሩ

በ7ኛው ቀን ማታ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ። አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን ቀለበት አድርጋችሁ የባትሪውን አፍ ክበቡ። የእንቁላሉን ደብዳባ ጫፍ ቀለበቱ ላይ አሳርፉ። ብርሃኑ በዳር እንዳያመልጥ ጣታችሁን ጠበቅ አድርጉ፤ ከዚያ እንቁላሉን ቀስ ብላችሁ አዙሩት።

- ጥቁር ነጥብ፣ ከእሷ እንደ ሸረሪት እግር የተበተኑ ቀጫጭን ቀይ ሥሮች ካያችሁ ሕያው ነው። ወደ ቦታው።
- ብርሃኑ ያለ ምንም ሥር ብሩህ ቢጫ ሆኖ ካለፈ አውራ አላገኘም። ይውጣ።
- ሥር የሌለው ቀይ ቀለበት ወይም ቀይ መስመር ካያችሁ ጀምሮ ሞቷል። ይውጣ።

እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ እስከ 14ኛው ቀን አቆዩት። የሀበሻ ዶሮ ነጣ ያለው እንቁላል ለማየት ቀላል ነው፤ ቡናማው ያስቸግራል፣ ጠንከር ያለ ብርሃን ይፈልጋል። እያንዳንዱን በጥቂት ሰከንድ ጨርሱ፤ የሞባይል መብራት ይግላል።

በ14ኛው ቀን ሕያው የሆነው አብዛኛው ክፍሉ ጠቁሮ ደብዳባው ጫፍ ላይ ብቻ ብሩህ የአየር ኪስ ይታያል። አንዳንዴ ውስጡ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። ሲዘዋወር ውስጡ እንደ ፈሳሽ የሚንቦጫረቅ ወይም የሚሸት ካለ ሳትጨብጡት በጥንቃቄ አውጡ።

ያወጣችሁትን አትብሉት፤ ሳምንት ሙሉ በሙቀት ቆይቷል። ውሻም እንዳይለምደው ቅበሩት።

ሁለት ዶሮ በአንድ ምሽት ያስቀመጣችሁ ከሆነ ጥቅሙ እዚህ ነው። ከሁለቱም ብዙ ከወጣ ሕያዎቹን ወደ አንዷ ሰብስቡ፤ ለሌላኛዋ አዲስ እንቁላል ስጡ ወይም አሰናብቷት።

8. የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት፦ እጃችሁን ሰብስቡ

ከ18ኛው ቀን በኋላ አትመርምሩ፣ አታንሷት፣ ልጆችም እንዳይመላለሱ ተቆጧቸው። ጫጩቱ ራሱን ወደ አየር ኪሱ እያዞረ ነው፤ ዶሮዋም ማገላበጡን ትተዋለች። ምግብና ውሃዋን ቀረብ አድርጉላት፤ ላትነሳም ትችላለች።

በ20ኛው ቀን አካባቢ ጆሮ ካላችሁ ከቅርፊቱ ውስጥ ጭውጭውታ ይሰማል፣ እናትም ለስለስ ባለ ድምፅ ትመልሳለች። ከዚያ ትንሽ ስብራት ይታያል። ከዚህች ስብራት እስከ መውጣት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ጫጩቱ የሚያርፍ ይመስላል፤ እውነትም ያርፋል። በዚህ ጊዜ ከሽፋኑ ደሙን፣ ከሆዱ ሥር ደግሞ የቀረውን አስኳል ወደ ውስጡ እየሳበ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ቅርፊቱን አትላጡለት። ደሙ ሳይገባ ከላጣችሁት ይደማል፤ አስኳሉ ሳይገባ ከወጣ ይሞታል። «ሲታገል ሳየው አሳዘነኝ» የሚለው ርኅራኄ ብዙ ጫጩት ጨርሷል።

9. የተፈለፈሉበት ቀን

እርጥብ ሆነው ይወጣሉ፣ ከእናታቸው ሥር ይደርቃሉ። ለምግብ አትቸኩሉ። የዋጡት አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያቆያቸዋል። እናት ቀሪዎቹን እየጠበቀች ከተቀመጠች ተዉአት። ባዶ ቅርፊቱን ብቻ ቀስ ብላችሁ አውጡ፤ ግማሹ ቅርፊት በሌላ ያልተፈለፈለ እንቁላል ላይ ከተገጠመ ጫጩቱን ይዘጋበታል።

22ኛው ቀን ካለፈ በኋላ የቀረውን ጆሯችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ስሙ። ድምፅም ስብራትም ከሌለው በ23ኛው ቀን አስወግዱት።

10. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

መፈልፈሉ ግማሽ ሥራ ነው። ጅማ ውስጥ ጫጩት የሚያልቀው በዝናብ፣ በጭልፊትና በፈንግል ነው።

ውሃ፦ በጠፍጣፋ ሰሃን፣ ውስጡ ጠጠር ተደርጎበት። ጠጠር ከሌለው ገብተው ይሰምጣሉ፤ በጣም ትንሽ ውሃ ይበቃቸዋል ለመስመጥ።

ምግብ፦ የጫጩት መኖ ካገኛችሁ እሱ ነው። ካልተገኘ በደቃቁ የተከካ በቆሎ ከተፈጨ የኑግ ፋጉሎና ከተቀቀለ እንቁላል ፍርፋሪ ጋር ቀላቅሉ። የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። የእንቁላል ጣዮችን መኖ አትስጧቸው፤ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

መከለያ፦ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት እናቲቱን ከትልቅ ቅርጫት ወይም ከሽቦ ሳጥን ሥር አድርጓት፤ ጫጩቶቹ በቀዳዳው ይውጡ ይግቡ። እሷ ከተለቀቀች ሩቅ ትወስዳቸዋለች፤ ደካማው ወደ ኋላ ይቀራል፣ ጭልፊት የሚወስደውም እሱን ነው። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አታውጧቸው። ላባ ያላበቀለ ጫጩት እርጥብ ሣር ውስጥ ከገባ ሆዱ ይርስና በብርድ ይደነዝዛል። ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ላይ ይውጡ፤ ሰማዩ ከጠቆረ ይግቡ።

ክትባት፦ የፈንግል ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ ከዚያም ይደገማል። ክትባቱ እዚሁ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ይመረታል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ በመሆኑ ከጎረቤት ጋር ተሰባስባችሁ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ዓይነት ከሆነ የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚነሳው በክረምት መግቢያ ስለሆነ አስቀድሙ። ኩሳቸው ደም ከቀላቀለ ግን ሌላ በሽታ ነው። ጭዱን ደረቅ አድርጉ፣ መድኃኒቱን ባለሙያ ይንገራችሁ።

ጊዜ መምረጥ ከቻላችሁ ዝናቡ ከወጣ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ አስታቅፉ። በሐምሌ የሚፈለፈል ጫጩት ጭቃ ውስጥ ነው የሚወለደው፤ የእናቲቱ እግርም እንቁላሉን በጭቃ ይለቀልቀዋል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

- የሱቅ እንቁላል ማስታቀፍ። ከላይ ተናግሬያለሁ፣ ግን አሁንም ነገ አንድ ሰው ይጠይቀኛል።
- ዶሮዋ በተቀመጠችበት ሳምንት ለበዓል ብሎ መሸጥ። ገና ወይም ኢድ መቼ እንደሚውል አይታችሁ ጀምሩ፤ ዋጋው ሲወደድ እጅ ይፈተናል።
- የተቀመጠውን እንቁላል ውሃ ውስጥ ጨምሮ «የሚንሳፈፈውን» መለየት። ሽፋኑን ያጥባል፣ የተሰነጠቀውንም ያሰጥማል። ባትሪ እያለ ለምን?
- በየቀኑ እያነሱ እንቁላል መቁጠር። የምትረበሽ ዶሮ ትታ ትሄዳለች፣ ወይም ስትቸኩል ትረግጠዋለች።
- አንዷን ዶሮ ያለ ዕረፍት ደጋግሞ ማስታቀፍ። በ21 ቀን ውስጥ ብዙ ክብደት ትቀንሳለች። ጫጩቶቿን ከለየች በኋላ በደንብ ቀልቧት፣ መጀመሪያ እንቁላል ትጣል፤ ደጋግማ መታቀፍ ብትፈልግም መሐል ላይ ዕረፍት ስጧት።
- ጫጩቱን ገና ላባ ሳያወጣ ከእናቱ መለየት። ሌሊት ሙቀት የሚሰጠው ሌላ ነገር ከሌላችሁ እስከ ስምንተኛው ሳምንት አብረው ይደሩ። ቀድማ ራሷ መንከስና ማባረር ከጀመረች ግን ጊዜው ደርሷል፤ ጫጩቶቹን ለብቻ አሳድሩና እሷን ወደ መንጋው መልሷት።